ጫካ ለማደር ስንወጣ ከድቡ ይልቅ ውሃውን እንፍራ

"ካምፒንግ ልንሄድ ነው" ተብሎ ለዘመድ ሲነገር የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "አውሬ የለም ወይ?" ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከእናቶች ይመጣል፦ "የሞቀ ቤት እያላችሁ ሜዳ ላይ ማደር ምን የሚሉት ነው?"

ሁለተኛውን መመለስ ይከብዳል። ድንኳን በእኛ ዘንድ ለሠርግ ይተከላል፣ ለለቅሶ ይተከላል፤ ለመዝናናት ብሎ የሚተክል ግን ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ነገሩ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ውሃ ዳር በድንኳን ሲያድሩ ሕዝቡም በጥር ብርድ አብሮ ያድራል። እረኛ ሆኖ ላደገ ሰውማ እሳት አንድዶ ደጅ ማደር በሥልጠና የሚማሩት ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ጥርት ያለ መልስ አለው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው፤ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሰው አገር ጫካ ስንወጣ የምንፈራው ነገርና ሊፈራ የሚገባው ነገር አይገናኙምና።

እኔ በደንብ የማውቀውን ቦታ ምሳሌ ላድርግ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከሲያትል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ራንድል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የጊፈርድ ፒንሾ ብሔራዊ ደን ይጀምራል። ስፋቱ ከ1.3 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው፤ አዲስ አበባን አሥር ጊዜ ያህል ይሆናል ማለት ነው። በ1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኮሎምቢያ በሚል ስም ተከለለ፤ በ1949 ደግሞ የአሜሪካ የደን አገልግሎት የመጀመሪያው ኃላፊ በነበረው ሰው ስም ተሰየመ። ሁለት የእሳተ ገሞራ ተራሮች አሉበት። አንዱ 3,743 ሜትር ከፍታ ያለውና ዓመቱን ሙሉ የበረዶ ግግር የማይለየው አዳምስ ነው። ሌላው በግንቦት 18 ቀን 1980 ፈንድቶ 57 ሰው የገደለው ሴንት ሄለንስ ነው፤ ያን ቀን ከጫፉ 400 ሜትር ያህል አጥቷል። በተራሮቹ ዙሪያ ታክላክና ዋላፕትን የመሳሰሉ ሐይቆች፣ ሲስፐስና ሉዊስ የሚባሉ ወንዞች፣ እንዲሁም ጁኒፐርና ላንጊል በሚባሉት ሸንተረሮች ላይ ሞተር ብስክሌተኞች የሚወጡባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ።

ታክላክ ሐይቅ ዳር ጠዋት ከድንኳን ሲወጡ የአዳምስ ተራራ ነጭ ሆኖ ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። የሐይቁ ከፍታ ከ1,300 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። "ታዲያ ምን ብርድ አለው?" ያለኝ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር። ቦታው ከምድር ወገብ የራቀ በመሆኑ በረዶው እስከ ሰኔ ድረስ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል፤ በነሐሴም ቢሆን ሌሊቱ ጃኬት ያስለብሳል።

ወደ አውሬው እንመለስ። ጅብ የለም። ጥቁር ድብ አለ፤ ፑማም አለ። ነገር ግን በዋሽንግተን ግዛት ጥቁር ድብ ሰው ገደለ ተብሎ ተመዝግቦ የሚጠቀሰው አንድ ጊዜ፣ በ1974 ነው። ፑማ በመቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰው ገድሏል፤ አንዱን በ1924፣ ሌላውን በ2018። በዚያው ግዛት ሳይታሰብ ውሃ ውስጥ ሰጥመው የሚሞቱት ግን በየዓመቱ ከመቶ በላይ ናቸው።

ድቡ የሚፈልገው ምግባችንን ነው፤ የእኛ ምግብ ደግሞ ከሩቅ ይጣራል። ንጥር ቅቤ፣ በርበሬና ሥጋ ብቻ ሳይሆኑ ዕጣን፣ ሎሽን፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሕፃን ጡጦ ሳይቀር ሌሊት መኪና ውስጥ ተቆልፎባቸው ወይም ካምፑ ባዘጋጀው የብረት ሣጥን ውስጥ ያድራሉ። ድንኳን ውስጥ የሚበላ ነገር አይገባም፤ "ለልጁ ሌሊት ቢርበው" የምትባለዋ ብስኩትም ቢሆን። ድብ ከታየ አይሮጥም። ልጆችን ሰብስቦ፣ እጅን ዘርግቶ፣ ጮክ ብሎ እየተናገሩ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። የድቡ ነገር ይህን ያህል ነው።

ውሃው ግን ሌላ ነው። በሐምሌ ወር አየሩ 30 ዲግሪ ሲደርስ ሐይቁ ጥርት ብሎ ሲያንጸባርቅ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ዳር የተቀመጥን ይመስለናል። ይህ ውሃ ግን በአብዛኛው ትናንት በረዶ የነበረ ነው። ዳር ዳሩን ፀሐይ ሞቅ ታደርገዋለች፤ ልጁ እስከ ጉልበቱ ገብቶ "አይበርድም!" ይላል። ጥቂት እርምጃ አልፎ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲጠፋ የሚያገኘው ውሃ ሌላ ነው።

ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ሰው በድንገት ሲገባ ሰውነቱ ሳያስፈቅደው አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ብርድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋብን "እህ!" እንደምንለው ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ለዚህ ነው "ልጄ ዋና ይችላል" የሚለው ማስተማመኛ እዚህ የማይሠራው፤ በከተማ የሞቀ ገንዳ ውስጥ የተማረ ዋናተኛም ቢሆን የመጀመሪያዋ ትንፋሽ እኩል ታጠምደዋለች። የቀዝቃዛ ውሃ ባለሙያዎች ነገሩን በሦስት ቁጥሮች ያስታውሱታል፦ አንድ፣ አሥር፣ አንድ። ትንፋሽን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፤ እጅና እግር መታዘዝ እስኪያቆሙ አሥር ደቂቃ ያህል፤ ከብርዱ የተነሣ ራስን እስከ መሳት አንድ ሰዓት ያህል። ብዙ ሰው በብርድ የሚሞት ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን ብርዱ ጊዜ አግኝቶ ሳይጎዳው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሰጥማል። ስለዚህ ልጆች ሊያውቁት የሚገባው አንድ ነገር ይህ ነው፦ ድንገት ከወደቅህ ለመዋኘት አትታገል፤ በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ ትንፋሽህ እስኪመለስ ጠብቅ፣ ከዚያ ወደ ዳር ውጣ።

ላይፍ ጃኬት የሚያስፈልገውም ያችን የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለማለፍ ነው። በዋሽንግተን ሕግ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ሲጓዙ የግድ ይለብሳሉ፤ እኔ ግን ዳር ላይ ለሚጫወተውም አለብሳለሁ። ልኩን ለማወቅ ካሰሩለት በኋላ ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል። በአየር የሚነፉት ዳክዬና ጎማ መጫወቻ ናቸው፤ ንፋስ ወደ መሐል ሲገፋቸው ልጁን ይዘውት ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ስለ እኛው ጠባይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ስንወጣ ተጠራርተን ነው፤ አራት አምስት ቤተሰብ፣ አሥራ ሁለት አዋቂ፣ ስምንት ዘጠኝ ልጅ። ቡናው ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ልጆቹን "ሁሉም ያያቸዋል"። ሁሉም ያያቸዋል ማለት ደግሞ ማንም አያያቸውም ማለት ነው። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልሙ አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ አፉ ከውሃ በላይና በታች እየተመላለሰ ለመጮኽ ትንፋሽ አያገኝም። ሃያ ሜትር ርቀት ላይ ሆነን ጀበናው ሳይገነፍል ነገሩ ያልቃል። በእኛ ጓደኞች ዘንድ የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ አንድ ፊሽካ አለ፤ አንገቱ ላይ ያሰረው ሰው ለሃያ ደቂቃ ልጆቹን ብቻ ያያል። ስልክ የለም፣ ቡና የለም፣ ወሬ የለም። ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ፊሽካው ወደሚቀጥለው አንገት ይሄዳል፤ ተረኛውም በስሙ "ተቀብያለሁ" ይላል። ፊሽካ ያሰረ ሰው አቦል ቢያመልጠው ቶና ይደርሰዋል።

ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ዘሎ መግባት አይገባም። አንድ ሊሰጥም የነበረው ሁለት የሚሆነው እንዲህ ነው። ገመድ፣ ረጅም እንጨት፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወይም ምግብ የመጣበት ኩለር ይወርወርለት፤ ሁለቱም ይንሳፈፋሉ።

ወንዙ የራሱ ተንኮል አለው። ሲስፐስ ከአዳምስ የበረዶ ግግር የሚመጡ ጅረቶች ይቀላቀሉታል። ከግግር የሚመጣ ውሃ ድንጋዩ ተፈጭቶበት ወተት የነካው ይመስላል፤ ታቹ አይታይም። ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ስለምትውል ጠዋት ቁርጭምጭሚት ያልደረሰው ጅረት ከሰዓት በኋላ ጉልበት ሊያልፍ ይችላል። ተሻግሮ የሄደ ሰው መመለሻውንም ማሰብ አለበት። ወንዙ ላይ የተጋደመ ግንድ ደግሞ ለልጅ ድልድይ ይመስለዋል፤ ውሃው በግንዱ ቅርንጫፎች መሐል ሲያልፍ ሰውን እንደ ወንፊት ስለሚይዝ፣ ከግንዱ በላይ በኩል ውሃ ውስጥ መግባት ጨርሶ አይገባም። በሉዊስ ወንዝ ፏፏቴዎች አጠገብ ያለው አለትም ሲረገጥ እንደ ሳሙና ነው።

ስለ ልብስ አጭር ነገር ልበል። ጋቢ ለደረቅ ሌሊት ወደር የለውም፤ ከረጠበ ግን ጥጥ በመሆኑ ሙቀት አይይዝም፣ እንዲያውም ብርድ ይጨምራል። ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ከአገር ቤት የመጣ የመንዝ ባና ያለው ሰው ከየትኛውም የስፖርት መደብር ብርድ ልብስ ያልተናነሰ ነገር ቤቱ አለ።

ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ስለ ስልክ ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከራንድል ወደ ደቡብ መንገድ ቁጥር 23ን ይዘው ሲገቡ ኔትወርኩ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ያኔ "ስልኩ አይሠራም" ይባላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ምልክቱን እንደ ሬዲዮ ይቀበላል እንጂ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ከኢንተርኔት የሚመጣው የካርታው ሥዕል ነው። ስለዚህ ካርታው ከቤት ዋይፋይ ላይ አስቀድሞ ከወረደ ሰማያዊዋ ነጥብ ጫካ ውስጥም ትከተለናለች። ካልወረደ ነጥቧ ባዶ ግራጫ ሰሌዳ ላይ ትንሳፈፋለች። የደን አገልግሎቱ ለተሽከርካሪ የተፈቀዱትን መንገዶች የሚያሳይ ካርታ በነፃ ያወጣል፤ እሱም ስልክ ላይ ይጫናል። ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ስልኮች ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የአደጋ መልእክት መላክ ይችላሉ፤ ረጃጅሙ ዛፍ ሰማዩን ስለሚከልል ግን ገላጣ ቦታ ፈልጎ መቆም ያስፈልጋል።

መንገዱም ቋንቋ አለው። ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ያለው ዋና መንገድ ነው፤ አራት አኃዝ ሲሆን እየጠበበ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚገነጠሉት ደግሞ ብዙዎቹ ኮረኮንች ናቸው፣ ለከተማ መኪና አይሆኑም። አስፋልቱ ሳይታሰብ አልቆ ፒስታ ይሆናል። ክረምት የወረደ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ሊገኝ ስለሚችል ከመነሣት በፊት ራንድል ወዳለው የሬንጀሮች ጽሕፈት ቤት መደወል ይበጃል። ነዳጅ እዚያው ራንድል ይሞላል። ለሚቀር ሰውም የካምፑን ስምና የመመለሻ ሰዓቱን ጽፎ መስጠት ነው፤ "ቅዳሜና እሑድ የለንም" ማለት ለፈላጊ ምንም አይነግረውም። ሞተር ብስክሌተኞች በሚወጡበት መንገድ የሚሄድ እግረኛ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሰብስብ፤ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሲሆን ነው አደጋ የሚመጣው። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካና አንድ ትእዛዝ ይበቃዋል፦ ከጠፋህ አንድ ዛፍ አቅፈህ እዚያው ቁም።

እሳትን በተመለከተ ከልጆቹ ይልቅ የምሰጋው ለጎረምሶቹ ነው። በ2017 ከዚህ ደን በስተደቡብ በኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ርችት ወደ ገደል ወረወረ። ያ እሳት 50 ሺህ ኤከር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጫካ አቃጠለ፣ ሰፊውን ወንዝ ተሻግሮም ዋሽንግተን ግዛት ገባ። ፍርድ ቤቱ ልጁን ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፍል ወሰነበት። ይህን ታሪክ ጎረምሳ ላለው ቤተሰብ ሁሉ እነግራለሁ።

በሐምሌና በነሐሴ ድርቁ ሲበረታ እሳት ማንደድ ይከለከላል። እገዳው ብዙውን ጊዜ ከሰልንም ይጨምራል፤ ለእኛ ይህ ማለት ቡናው በከሰል አይፈላም ማለት ነው። መዝጊያ ያለው ቡታጋዝ በአብዛኛው ስለሚፈቀድ ጀበናው እሱ ላይ ይጣዳል። ከሰል በተፈቀደበት ጊዜም ምድጃው ወደ ድንኳን አይገባም፣ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም። ሽታ የሌለው መርዝ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድላል፤ አገር ቤት በክረምት የሚሰማው ወሬ ድንኳን ውስጥም ያው ነው።

እናቴ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ አብረውን ወጥተው ነበር። ጎረቤት ካምፕ ያሉ ሰዎች ሊሄዱ ሲሉ እሳታቸውን አፈር አልብሰው ተነሡ። እናቴ ይህን ሲያዩ "እነዚህ ሰዎች ማታ ሊመለሱ ነው እንዴ?" አሉኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው "እሳቱን አዳፍነውት ሄዱ እኮ" አሉ። በእርሳቸው ቤት እሳት የሚዳፈነው ለነገ እንዲቆይ ነው፤ ረመጥ ሥር ያደረ ፍም ጠዋት ቢጭሩት ይነሣል። ሬንጀሮቹም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፦ እሳት በአፈር አይቀበርም፣ በውሃ ይጥለቀለቃል፣ ይማሰላል፣ እንደገና ውሃ ይደፋበታል፤ ባዶ እጅ ሲነካው ካልቀዘቀዘ አልጠፋም። ልጄ ባልዲ ይዞ ከአያቱ ጋር ሄዶ የጎረቤቶቹን እሳት አጠፋ። እንፋሎቱ ለብዙ ደቂቃ አላቆመም።

ለስንቅ እኛን የሚያህል የለም። ድርቆሽ አይከብድም፣ አይበላሽም። ሽሮ ውሃና ዘይት ብቻ ይፈልጋል፤ በሶና ቆሎ እሳትም አያሻቸውም። ካምፒንጉ የሚያምርበት ወቅት ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለሚገጥም የሥጋና የበረዶ ሣጥን ጣጣውም ይቀራል። በሐምሌ ሐይቆቹ ዳር ቢንቢ ያስመርራል፤ ወባ ግን የለም። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ቢንቢው ይቀንሳል።

ገንዘቡም የሚያስፈራ አይደለም። ድንኳን ከወዳጅ ይዋሱ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሳያልፍ አይግዙ። የዓመቱ የሰሜን ምዕራብ ደኖች ማለፊያ 30 ዶላር፣ የቀኑ 5 ዶላር ነው። አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ያለው ቤተሰብ የፌዴራል ፓርኮችንና ደኖችን መግቢያ ለአንድ ዓመት በነፃ የሚያስገኝ ካርድ በልጁ ስም ያወጣል፤ ይህን ስንቱ ወላጅ ሳያውቅ አምስተኛ ክፍል ያስገባል! የታወቁት የካምፕ ቦታዎች ስድስት ወር ቀድመው በኢንተርኔት ስለሚያዙ የነሐሴውን በየካቲት ማሰብ ነው። ቦታ ያጣ ሰው ከካምፖቹ ውጭ በተፈቀዱ የደኑ ክፍሎች በነፃ ማደር ይችላል፤ መጸዳጃ ግን የለም፣ ከውሃ 60 ሜትር ርቆ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ መቆፈር የራሱ ሥራ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሚሄድ ከደቡቡ በኩል በመንገድ ቁጥር 24 ላይ ያለውን የሣውቱዝ የቤሪ ሜዳ እጠቁማለሁ። ሐክልቤሪ የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፍሬ እዚያ በቁጥቋጦ ላይ ይበስላል። ሜዳው ከጥንት ጀምሮ የያካማ ሕዝብ መልቀሚያ ነው። በ1932 በድህነቱ ዘመን ሥራ ያጡ ሰዎች ከየቦታው ሲጎርፉበት የያካማ አለቃና የደኑ ኃላፊ ተገናኝተው ተጨባበጡ፤ ከመንገዱ በአንድ በኩል ያለው ለያካማዎች ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ስምምነቱ ዛሬም ይከበራል፤ ምልክቱም መንገዱ ዳር ተተክሏል። በሌላው በኩል ግን ለቤት የሚሆን ለመልቀም ክፍያ የሌለው ፈቃድ ወስዶ መግባት ይቻላል። ባልዲ ለልጆቹ ይሰጣቸው፤ ግማሹን በልተው ግማሹን ያመጣሉ፣ ጥርሳቸውም እስከ ማግስቱ ሐምራዊ ሆኖ ይሰነብታል። ድቦቹም ይህን ፍሬ ይወዱታልና እየለቀሙ ጮክ ብሎ መጫወት ጥሩ ነው።